«አያድርገውና» የምትባለዋ ሳጥን

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ያሳዩኝ ወንበር ሳይሆን አራት ሳጥን ነው። ወንበርማ አልነበረም። መርካቶ ዱባይ ተራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የዕቅድ መጻፊያ ቢሯችን ከመጥበቧ የተነሣ አንዳችን ስናዛጋ ሌላችን ኮሪደር መውጣት ነበረብን።

«ይኸውልህ» አሉኝ፣ ስክሪኑን በእስክሪብቶ እየነኩ። «የንግድ ዕቅድ ብትለው ብትለው መጨረሻው ይኼ ነው። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድል፣ ስጋት። አበዳሪ ቀድሞ የሚያየው አራተኛዋን ሳጥን ነው። ባዶ ከሆነች ዕቅዱን ይመልሰዋል።»

«የምትከብደውስ የቷ ናት?»

«እሷው ራሷ።»

ሳቅኩ። ሳቄ ሳምንት አልቆየም።

ጥንካሬውን ጠይቀኸው መርካቶ አፉን አይዘጋም። አንድ የጫማ ነጋዴ ጥንካሬውን ሲያስጽፈኝ ሁለት ኪቦርድ አረጀብኝ። ስጋት ስል ግን ፊቱ ጠቆረ። «ገና ሱቁን ሳልከፍት ታሟርትብኛለህ?» ብሎ ያተምኩለትን ወረቀት ቀማኝና ሳጥኗን በመቀስ ቆርጦ ጣላት። ዓለም ከተፈጠረ መስኮት ያለው የንግድ ዕቅድ ለአበዳሪ ያቀረበ እሱ ብቻ ነው። በመስኮቱ መለሱለት።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ ቢሮዋ ለእኔ ሰፋችኝ። እንደ ልቤ አዛጋሁ። አጠገቤ የቀረው ፕሪንተሩ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲያሻው ወረቀት ይበላል።

የዚህ ሥራ ነገር እንዲህ ነው። ሰው ሕልሙን ሁሉ ያራግፍብሃል፤ ዕቅዱን ይዞ ደረጃውን ይወርዳል፤ ከዚያ አታየውም። ሱቅ ሲመረቅ ግንበኛው ይጠራል፣ ቀለም ቀቢው ይጠራል። ዕቅድ ጸሐፊ የጠራ ሰው አላውቅም። ማታ ስገባም ብቻዬን ነኝ። አማኑኤል ነው ያለሁት ስል ሰው አንድ እርምጃ ይሸሸኛል፤ ሆስፒታሉን ሳይሆን ሰፈሩን ማለቴ ነው።

ከደንበኞቼ አንዷ እትዬ ሙሉነሽ ፍራሽና ትራስ ሠሪ ናቸው። ጥጡን በዱላ እየደበደቡ ሲያባዝቱ ብናኙ ደረታቸው ገብቷል። ሲያስሉ የሕንጻው መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሐኪም ከብናኙ ይራቁ ብሏቸዋል። ስለዚህ ወይ በብድር የጥጥ ማባዘቻ ማሽን ይገዛሉ፣ ወይ ሱቁ ይዘጋል። ዕቅዱን ጻፍኩላቸው። «ስጋት የለብኝም» ስላሉ አራተኛዋን ሳጥን ባዶ ተውኳት። ተመልሰው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ያ የብድር ቤቱ ብላቴና መለሰኝ!»

ግማሽ ጸጉሬ እንደ ጥጣቸው ነጥቷል። ልጅ የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

«እትዬ ሙሉ፣ ስጋቱን ካልነገሩኝ ነገም ይመልስዎታል።»

«ምን ስጋት አለብኝ? እግዜር ይመስገን!»

«ሳሉስ?»

«በቃ አፍህን ሰብስብ! አታሟርትብኝ!» ብለው ተነሡ።

በሩ ላይ ሲደርሱ የእናቴ ንግግር አፌ ላይ መጣልኝ። እናቴ ክፉ ነገር ስታነሣ ያለዚያች ቃል አትጀምርም ነበር።

«እትዬ ሙሉ፣ አያድርገውና... አንድ ቀን ቢታመሙ፣ ሱቁን ማን ይከፍተዋል?»

ተመልሰው ተቀመጡ።

«አያድርገውና» አሉ ቀስ ብለው፣ «ብተኛ የሚከፍተው የለም። አያድርገውና ማሽኑ ቢበላሽ የሚጠግን ሰው አላውቅም። አያድርገውና ጥጡ ከቆላ መምጣቱ ቢቀር...»

ጣቴ ሊደርስባቸው አልቻለም። ሳጥኗ ሞልታ ወደ ሌላ ገጽ ፈሰሰች። መፍትሔውንም ራሳቸው አመጡት፦ ትርፍ ቁልፉን የጎን ሱቋ ባለቤት ትይዛለች።

እኔ ዕቅዱን ሳትም እሳቸው ክፍሏን በአንድ እይታ ዞረው ጨረሷት።

«አንተስ? አያድርገውና ብትታመም ይኼን በር ማን ያንኳኳል?»

«ኪራይ ሰብሳቢው። ወር በገባ ቁጥር፣ ዝንፍ አይልም።»

አልሳቁም።

ብድሩ ተፈቀደ፤ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ይህን የሰማሁት ምርቃቱ ላይ ከበላ ሌላ ደንበኛዬ ነው። እኔ እንደ ወትሮዬ አልተጠራሁም።

በዚያው ክረምት ጉንፋን ጣለኝ። ጉንፋን ስላችሁ ዝሆን የሚጥል ጉንፋን። ስልኬ አንዴም ሳይጮህ ክፍሌ ውስጥ ሰነበትኩ። ሲሻለኝ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። የቢሮዬ ጓጉንቸር ላይ ነጭ ነገር ተወትፏል። ሳብኩት። ባዘቶ ነው፤ እንደ ደመና የላላ፣ የማሽን ሥራ።

«አንተ» አለኝ ከጎኔ ያለው የስልክ ነጋዴ። ስሜን አያውቅም፤ እኔም የእሱን አላውቅም። «አንዲት እናት መጥተው ነበር። በርህን ሲደበድቡት ፎቁ በሙሉ ወጣ።»

«ያስሉ ነበር?»

«ኧረ! ይሳደቡ ነበር እንጂ።»

እዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆች የምለው ይህን ነው። «ስጋትዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አያድርገውና» በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የቢሯችሁን ትርፍ ቁልፍ ደግሞ ለጎረቤት ስጡ። የእኔ ሙባረክ ጋ ነው፤ ስልክ ነጋዴው።