የሃይሚ መርዶ

አየሁሽ የምታለቅሰው ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። መተማ ዮሐንስ ላይ ሰሊጥ ከሚያበጥሩት ሴቶች ሁሉ እንደ እሷ ሰፌድ የሚታዘዝላት የለችም። ዓይኗ ቀልቶ ያየ ሰው ምነው ቢላት፣ ብናኙ ነው ትላለች። ብናኙ ለሁሉም እኩል ይነሣል፤ የአየሁሽ ዓይን ብቻ ለምን እንደሚቀላ ግን አጥብቆ የጠየቃት የለም። ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ከማዶ የሚጠብቀው ሰው ስላለው የሌላውን ዓይን አይመረምርም።

ታናሽ እህቷ እሌኒ ሻይ ልትሸጥ ካርቱም ስትሄድ ልጇ ሃይሚ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷን አታውቀውም። እሌኒ አንድ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ ልጇን ለአየሁሽ አደራ ሰጥታ ሄደች፤ በየእሑዱም ትደውል ነበር። ሃይሚ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የበላችውን፣ የተማረችውን፣ ከጎረቤት ልጅ የተጣላችበትን ሁሉ ሳታስቀር ትነግራታለች። ከዚያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣና ስልኩ ዝም አለ።

ወሬውን ያመጣው ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ ድንበር ማዶዋ ጋላባት የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር አብዱረሕማን ነው። እሌኒ ከካርቱም ከሸሹት ሰዎች ጋር ወደ አገሯ ስትመጣ መንገድ ላይ ወባ ጣላት፤ መድኃኒት በሌለበት ሞታ እዚያው ተቀበረች። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ናቸው የነገሩት። አየሁሽን ከመጋዘኑ በር ለብቻዋ ጠርቶ ነገራትና፣ አላህ ይዘንላት ብሎ በጥምጣሙ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ሞት በእኛ ዘንድ እንዲህ በመጋዘን በር አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ጎረቤቱ ተጠርቶ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይከበባል፤ ሽማግሌ ይናገራል፤ ለሚወድቀው ሰው የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል። ለልጅ ግን መርዶ የለም። ልጅን ሄዳለች፣ ትመጣለች ይሉታል፤ የቀረውን ጨዋታ ያስረሳዋል ተብሎ ይታሰባል። አየሁሽ ምስጢሩን ያካፈለችው ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ስንሻው ብቻ ነው። እሳቸውም፣ ልጅቷ ልብ እስክትገዛ ይቆይ አሏት። አየሁሽም ልጅቷ እንዳትጠረጥር ብላ ጥቁር አልለበሰችም፤ ለቅሶም አልተቀመጠችም። አንድ እህቷን እንደ ሰው ሳታለቅስላት ቀረች። በዚህ ቆላ ሙቀት የተዳፈነ ሐዘን ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሚያውቀው የያዘው ብቻ ነው።

ውሸት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። ለጥምቀት አየሁሽ ከገበያ ከረሜላ ገዝታ፣ እናትሽ በአብዱረሕማን የላከችልሽ ነው አለች። ለፋሲካ ጫማ ተላከ። ለእንቁጣጣሽ ቢጫ ቀሚስ ተላከ። ቀሚሱ ልክክ ሲልላት አየሁሽ ደስ አላት፤ በዓይኗ ብቻ ለክታ በመግዛቷም ትንሽ ኮራች። ሃይሚ ግን ቀሚሱን እንደ ለበሰችው ቆማ አየችውና አውልቃ፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ዳግመኛ አልለበሰችውም።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ሌላ ልጅ ሆነች። ምግቧን ትነካካና ትተወዋለች። ሆዴን ትላለች። ስምንት ዓመት ሞልቷት ፍራሽ ማርጠብ ጀመረች። ጓደኞቿ ገመድ ሲዘሉ ዳር ትቆማለች፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣም ወደ ቤት በመምጣት ፈንታ ወደ ጋላባት የሚያሻግረው ድልድይ አጠገብ ሄዳ የተሻጋሪውን ሁሉ ፊት ታያለች። መምህሯ፣ ክፍል ውስጥ አካሏ እንጂ ልቧ የለም ብላ ለአየሁሽ መልእክት ላከችባት።

ጎረቤት በበኩሉ የሚችለውን አደረገ፤ ሁሉም የየራሱን በሽታ ይዞ መጣ። አንዷ የሆድ ትል ነው አለች፤ ሃይሚ የትል መድኃኒት ዋጠች። ሌላዋ ቡዳ ነው አለች። ጸበል ተወሰደች፤ ሳትወራጭ ሳትጮህ እንደ ትልቅ ሰው ተጠምቃ ወጣች። አጥማቂው ቄስ አስተውለው አዩዋትና፣ ጸበሉንም አታቋርጪ፣ ይችን ልጅ ግን ሐኪምም ይያት አሏት አየሁሽን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የአእምሮ ሕመም የሚያክም ቢያድግልኝ የሚባል ወጣት ነርስ ነበር። አየሁሽ ሃይሚን ይዛለት ስትገባ የጠበቀችው መርፌ ነው። እሱ ግን ለልጅቷ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ሰጥቶ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አብሯት መሳል ጀመረ። አሳሳሉም አያምርም፤ ላም ብሎ የሳለውን ሃይሚ ውሻ ነው አለችው። አየሁሽ ደጅ ተቀምጣ በንዴት ጦፈች። መርፌ የሌለበት ሕክምና ምን ሕክምና ነው እያለች፣ የቀረባትን የሥራ ቀን እያሰበች፣ ግን በሳምንቱ ይዛት ተመለሰች። ምክንያቱም ልጅቷ የዚያን ዕለት ማታ እራቷን በልታ ነበር።

ሥዕሉ ለጥቂት ሳምንታት እንደ ቀጠለ፣ ቢያድግልኝ አየሁሽን ለብቻዋ ጠራት። ልጅም እንደ ትልቅ ሰው ልቡ ይታመማል አላት። ትልቅ ሰው ከፋኝ ይላል፤ ልጅ ግን ስሙን ስለማያውቀው ሆዴን ይላል፣ ፍራሽ ያረጥባል፣ ከጨዋታ ይሸሻል። ርግማንም አይደለም፣ ብልግናም አይደለም። ሕክምናው ማጫወት፣ ማዳመጥ፣ በሰዓቷ ማብላትና ማስተኛት ነው፤ ካልተሻላትም መንገዱ ሰላም ሲሆን ጎንደር ይልካታል። ይህን ሁሉ አስረድቶ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ቢጫውን ቀሚስ የገዙት እርስዎ ነዎት?»

አየሁሽ ልትክድ ፈልጋ አፏ እምቢ አላት። «ማን ነገረህ?»

«እሷ ናት። ‹እናቴ ካየችኝ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምን ያህል እንዳደግሁ አታውቅም፤ ቀሚሱ ግን ልኬ ነው› አለችኝ።»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ጥሬ አንዱ ብስል ይባላል። ይህ ብስሉ ነበር። ጥሬው ተከትሎ መጣ። ስጦታው ሁሉ የአክስቷ ከሆነ እናቷ ምንም አልላከችም፤ ካልላከች ደግሞ ረስታታለች። እናት የምትረሳው መጥፎ ልጅን ነው፤ ስለዚህ ሃይሚ መጥፎ ልጅ ናት። ልጅቷ ይህን ሁሉ ለብቻዋ አስልታ፣ ለብቻዋ ተሸክማ፣ ድልድዩ አጠገብ የምትቆመው እናቷን አግኝታ ይቅርታ ልትጠይቃት ኖሯል።

ቢያድግልኝ እውነቱ ይነገራት አለ። ተኝታለች አትበሏት፣ መተኛት ትፈራለች፤ ሄዳለችም አትበሏት፣ ትጠብቃለች፤ ሞታለች በሏት። አየሁሽ ልጅቷ ብትሞትብኝስ አለች። ታለቅሳለች እንጂ አትሞትም፣ እኔም እዚሁ ነኝ፣ በየሳምንቱ ያምጡልኝ አላት።

ጋሽ ስንሻው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለልጅ መርዶ ከአባቶቻችን አልሰማንም አሉ።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ አላለቀስሁም» አለቻቸው አየሁሽ።

ሽማግሌው፣ እንግዲያው ከሆነ አይቀር በወጉ ይሁን አሉ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። ሃይሚ ተቀስቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ቢያድግልኝም ከበሩ አጠገብ ነበር። ጋሽ ስንሻው ለስንቱ ጎልማሳ ቆመው መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ዓይናቸው ከዓይኗ እስኪገጥም ድረስ በርከክ አሉ።

«ሃይሚ፣ ልጄ፣ እናትሽ እሌኒ ሞታለች። ወደ አንቺ ስትመጣ፣ መንገድ ላይ ታማ ሞተች።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አየሁሽን ዞር ብላ አየቻት።

«ወደ እኔ ስትመጣ?»

«ወደ አንቺ ስትመጣ» አለች አየሁሽ።

«ታዲያ አልረሳችኝም።»

ከዚያ በኋላ ነው እንባው የመጣው። ሃይሚ አክስቷ ጉያ ገብታ እናቴ እያለች ጮኸች፤ አየሁሽም ዓመት ሙሉ በብናኝ ያሳበበችውን እንባ እሌኒን በስሟ እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች አፈሰሰችው። ጎረቤቱ ተራ በተራ እየመጣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለ፤ ለአክስቲቱም ለልጅቱም፣ ለሁለቱም በእኩል።

ሕመሙ በአንድ ጊዜ አልለቀቃትም። ፍራሹ አንዳንድ ቀን ይረጥባል፤ ጤና ጣቢያው አልተቋረጠም፤ የቢያድግልኝ ላም አሁንም ውሻ ይመስላል። ድልድዩ ጋ መሄድ ሲያሰኛት አየሁሽ ጥቁሯን ለብሳ አብራት ትሄዳለች፤ ወደ ማዶ ያያሉ፣ ስለ እሌኒ ያወራሉ፣ ለእራት ይመለሳሉ። ናፍቆቱ አልቀነሰም፤ አሁን ግን የሁለቱም ነው።

ከሐዘኑ ወራት በኋላ አንድ እሑድ ሃይሚ ሳጥኑን ከፍታ ቢጫውን ቀሚስ አወጣች። ትንሽ አጥሯታል።

«አንቺ ነሽ የገዛሽልኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች አየሁሽ።

ሃይሚ ቀሚሱን በራሷ አጥልቃ ወደ ታች ጎተት ጎተት አደረገችው። «ያምራል» አለችና፣ ገመድ ወደሚዘሉት ልጆች ወጣች።