ቅዝቃዜው የት ላይ ጠፋ?

ሳህሌ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቁርሱን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ አንዲት አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ቀስ ብላ ገባች። የሚነዷት አቶ ወልደገብርኤል የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ከሳህሌ አባት ጋር አብረው ሠርተዋል። ከጎናቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠዋል።

ጉዳዩን ሽማግሌው አስረዱ። መተሐራ ያለችው ልጃቸው ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ክርስትናው እሑድ ነው። ብዙወርቅ ደግሞ ልባቸውን ያማቸዋል። አምና በአውቶቡስ ሲሄዱ ሙቀቱ አዝለፍልፎ ጥሏቸው ከመንገድ ተመልሰዋል፤ ሐኪሙም ያለ ኤሲ ቆላ እንዳይወርዱ ከልክሏቸዋል። የመኪናዋ ኤሲ ትንሽ ያቀዘቅዝና ይተዋል። ሳሪስ ያሳዩት መካኒክ ጋዝ ሞላበት፤ አልሆነም። ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ይጣል አላቸው። ሌላ ተፈልጎ እስኪገጠም ደግሞ ክርስትናው ያልፋል።

ሳህሌ የኤሲ ሥራ ከተወ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ለሚጠይቀው ሁሉ፣ ለቃሊቲ አየር መስኮት መክፈት ይበቃል እያለ ይሸኛል። እውነቱ ግን ያንን ሥራ የሚሠራው ከሚስቱ ከጠጄ ጋር ነበር።

የማቀዝቀዣን ነገር የተማረው በወጣትነቱ፣ አቃቂ በአንድ የሥጋ መጋዘን ነው። ኋላ ጋራዥ ሲከፍት፣ እሱ ኮፈን ሥር ሆኖ ሲያዳምጥ ውስጥ ሆኖ የሚነግረው ሰው አስፈለገው። ጠጄ የምትለቅመውን ምስር በሰፌድ ይዛ ትመጣና ጋቢና ትቀመጣለች። የእጇን ጀርባ ንፋሱ መውጫ ላይ አድርጋ “መጣ” ትለዋለች። ከዚያ ሰፌዱን ወዲያ አድርጋ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ በየፍሬው አንድ አባታችን ሆይ ትደግማለች። ሰዓት አታምንም። ቅዝቃዜው ሲሄድ ስንተኛው ላይ፣ የትኛው ቃል ላይ እንደነበረች ትነግረዋለች። “በአራተኛው፣ ‘መንግሥትህ ትምጣ’ ላይ” ካለችው ጋዙ እንዳነሰ ያውቃል። ሰው ይስቅባቸው ነበር። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ እናንተ ጋ መኪና ለማሳየት መጀመሪያ ንስሐ መግባት ሊያስፈልግ ነው ብሏቸው ያውቃል።

ተውኩት እኮ ሊል አፉን ሲከፍት ብዙወርቅ ቀደሙት።

“ልጄ፣ ካልሆነ አይሆንም በለኝ። አባብለህ አትላከኝ። መንገድ ላይ መውደቅ አንዴ ይበቃኛል።”

ሳህሌ ኮፈኑን ከፈተ።

ሞተሩ ሲነሳ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ኮምፕሬሰሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። የሞተ ኮምፕሬሰር ጥርሱን ያፋጫል፤ የዚህ ድምፅ የደከመ እንጂ የተበላሸ አይደለም። ከዚያ በላይ ብቻውን ማወቅ አልቻለም። እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ወደ ጋቢናው አየ። ከዚያ ወደ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ፣ ከጠጄ ቀብር ወዲህ ማንም ያልነካውን መቁጠሪያ ከግድግዳው ሚስማር ላይ አወረደና አቧራውን በሸሚዙ ጠረገ።

“እማማ፣ እጅዎን እዚህ ያድርጉና አባታችን ሆይ ይቁጠሩልኝ። ሲጠፋ የት ላይ እንደደረሱ ይነግሩኛል።”

“በብርድ ልታስመታኝ ነው” አሉ ብዙወርቅ ነጠላቸውን እያጠበቁ፤ እጃቸውን ግን ዘረጉ።

ወልደገብርኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከውጭ ከባድ መኪኖች መሬቱን እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ። ከውስጥ የብዙወርቅ ማነብነብ ይሰማል፤ ሳህሌ ዓይኑን ከኮምፕሬሰሩ ላይ አልነቀለም።

“ሄደ” አሉ ብዙወርቅ። “በአሥራ ሰባተኛው። ‘የዕለት እንጀራችንን’ ላይ።”

የኮምፕሬሰሩ ቺንጋ ይዞራል፤ በማግኔት ተስባ አብራው መዞር ያለባት ክብ ብረት ግን ቆማለች። በእንጨት ጫፍ ገፋ ሲያደርጋት ጠቅ ብላ ተጣበቀች፤ ወዲያው ከጋቢናው “መጣ” የሚል ድምፅ ሰማ።

ጋዝ ያነሰው ቶሎ ይሄዳል፤ እስከ አሥራ ሰባተኛው የቆየውን ያደከመው ሙቀት ነው። ብረቷ ከዘመን ብዛት ተበልታ ከማግኔቱ ርቃለች፤ ማግኔቱ ሲግል ጉልበት ያጣና ይለቃታል። ሳህሌ ሞተሩን አስጠፍቶ ብረቷን ፈታ። ከኋላዋ ከተደረደሩት ስስ የብረት ቀለበቶች፣ ከሮንዴላዎቹ፣ አንዷን አውጥቶ፣ ክፍተቱን አጥብቦ መልሶ አሠረ።

ሁለተኛ ሲቆጥሩ ብዙወርቅ መቁጠሪያውን ዞረው ጨረሱት። ቅዝቃዜው እንዳለ ነው። ባላቸው፣ እንግዲህ መተሐራ ደርሰሽ ብርድ መታኝ ብትዪ አልሰማሽም አሏቸው።

እንዳያባብል ተጠይቋልና ሳህሌ እቅጩን ነገራቸው። ኮምፕሬሰሩ አርጅቷል፤ ለዚህ መንገድ ደርሶ መልስ ይበቃል፣ ለከርሞ ግን አይደርስም።

ብዙወርቅ መቁጠሪያውን በመስኮት ዘረጉለት። ፍሬዎቹ ከጣት ብዛት ለስልሰዋል።

“የባለቤትህ ነው?”

“አዎ። ይያዙት፣ መንገድ ላይም ይቁጠሩ። ከጠፋ የት ላይ እንደሆነ ሲመለሱ ይነግሩኛል።”

መኪናዋ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች። ጠጄ ከደብረ ዘይት ወዲያ ሄዳ አታውቅም ነበር፤ መቁጠሪያዋ ግን ሊሄድ ነው። ሳህሌ እጁን ታጥቦ ገባና ባዶውን ሚስማር ጥቂት አየው። ከኪሱ ያቺን ስስ ሮንዴላ አውጥቶ ሰቀለበት።