ሞተሩን የዋጠው ዘፈን
መካኒኩን ሰው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» የሚላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የጠገኑት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ራሳቸው ተሳፍረው ሞተሩን ሳያዳምጡ ፈርመው አያውቁም።

ዛሬ አብራሪው የገዛ አማቻቸው ነው። ገና ከመሬት እንደተነሡ ስልኩን ከሁለቱም የጆሮ ማዳመጫ ጋር አገናኝቶ ዘፈን ለቀቀባቸው።

«ዝጋው» አሉት።

«ጋሼ፣ ይቺ ብቻ ትለፍ፤ ነፍስ ናት።»

አላለፈችም። ዘፋኙ ስለ ፍቅር እዬዬ ሲል፣ አማችየው ማስቲካውን እያላመጠ መሪውን በጣቱ ይደበድባል። ማዳመጫውን ቢያወልቁትም አልተገላገሉም፤ አማችየው ራሱ ከሞተሩ በላይ እየጮኸ አብሮ ይዘፍናል። ጋሽ ጆሮ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ቢያስጠጉም የሚሰሙት እሱን ብቻ ነው። «ልጄን የሰጠሁት ለዚህ ነው?» ብለው መራራ ምራቃቸውን ዋጡ።

እንዳረፉ አማችየው ፈገግ ብሎ የፍተሻውን ቅጽ አቀበላቸው።

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

ዘወር ብለውም አላዩት። «የሞተሩ ድምፅ» ከሚለው ፊት ለፊት ረጋ ብለው ጻፉ፦ «አልሰማሁትም። ዘፋኙ ጉሮሮውን ታሟል፤ አብራሪው ደግሞ ብሶበታል። አውሮፕላኑ ከነአብራሪው ይታገድ።»

ፈረሙበት።