ከ41 ቀጥሎ 44

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጥቶ የመጽሐፍ ምዕራፍ አስነሳ። ርዕሱ ፋሺዝም የግራ ነው ወይስ የቀኝ የሚል ነበር። ሉሆቹን ስቆጥር፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ የት ያደርጉታል?» አለኝ። «ቀኝ» አልኩትና ቆጠራው ጠፍቶብኝ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ያኔም ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነበር። ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ የማነበው ሰው የሚያስነሳውን ነበር። ማሽኑ እስኪሞቅ አንድ ገጽ፣ ወረቀት እስክሞላ ሌላ ገጽ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ፎቅ ላይ ባለ ካፌ፣ ሰባት ስምንት ሆነን እንከራከር ነበር። እኔ እንኳ አዳምጥ ነበር ማለት ይሻላል። ቦንቦሊኖው ቶሎ ያልቃል። ከመካከላችን አንዷ፣ ሰላማዊት፣ ግን ሥራ ዘግቼ እስክደርስ አንዱን በሶፍት ጠቅልላ ታቆይልኛለች። ያን ቦንቦሊኖ ብዙ ነገር አድርጌ እቆጥረው ነበር። ከዚያ ዮናታን መጣ፤ የሐኪም ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሲናገር ሰላማዊት አገጯን በእጇ ደግፋ ትሰማዋለች። በሦስተኛው ቅዳሜ የተጠቀለሉት ቦንቦሊኖዎች ሁለት ሆኑ።

በክርክራችን የጠረጴዛው የመስኮት ጫፍ ግራ፣ የደረጃው ጫፍ ቀኝ ይባላል። የስኳር መያዣው የዕለቱ ንቅናቄ ነው፤ ተናጋሪው ወደመሰለው ቦታ ይገፋዋል። በነሐሴ ወር አንድ ቅዳሜ ተራው የፋሺዝም ሆነ።

ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዮናታን አባቱ የተዋሱትን፣ በማግስቱ የሚመለስ መጽሐፍ ይዞ መጣ። «ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ይደርስልኛል?» አለኝ እየሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። ቢኖርበት ደስ ባለኝ።

እያነሳሁ አነበብኩ። እስከ ገጽ 41 የንቅናቄው መሪ በወጣትነቱ ሶሻሊስት እንደነበር ይተርካል። 42 እና 43 ላይ ነገሩ ይዞራል፦ ተከታዮቹ የሠራተኛ ማኅበራትን ቢሮ አቃጠሉ፣ ባለመሬቶች ደገፏቸው፣ ሥልጣን ሲይዙ የሥራ ማቆም አድማ ከለከሉ። ሁለቱ ገጾች በአንድ ሉህ ነው የወጡት። ሉሁን አራት አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩ። የቀረውን አስተካክዬ ጠረዝኩለት።

ቅዳሜ ዮናታን ስኳር መያዣውን ወደ መስኮቱ ገፋው። «ከሶሻሊስት ቤት የወጣ ነው፤ ግራ ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣሁ። ስለ ማኅበራቱ፣ ስለ ባለመሬቶቹ፣ ስለ አድማው ተናግሬ መያዣውን እስከ ደረጃው ጫፍ ወሰድኩት። ተጨበጨበ። የካፌው ዘበኛ፣ ከዳባት የመጡት አያ መኳንንት፣ ደረጃው ላይ ሆነው ይሰሙን ነበር። «ምነው ልጆች፣ በግራ መጣ በቀኝ ትላላችሁ! እኛ አገር የመጣው ከላይ ነው፣ በአውሮፕላን!» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ሰላማዊት አልሳቀችም፤ አገጯን በእጇ ደግፋ እኔን ታይ ነበር። ከዝናቡ በኋላ ባለው ጭቃ ቁስቋም እስካለው ቤቴ በእግሬ ስሄድ መንገዱ አልታወቀኝም።

ሰኞ ሰላማዊት ከነጃንጥላዋ ሱቁ ገባች። የዮናታንን ቅጂ ተውሳ ኖሯል።

«ከ41 ቀጥሎ 44 ነው» አለችኝ።

«ማሽኑ አንዳንዴ...»

«የእኔን ማስታወሻ ስታነሳ አንድ መስመር ደበዘዘ ብለህ ሦስት ጊዜ ደግመህልኛል። አንተ ገጽ ታሳልፋለህ?»

ሉሁን ከኪሴ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ቆማ አነበበችው።

«ያልከው ልክ ነበር፤ ቀኝ ነው» አለች። «ይህን ሳታደርግም ልክ ነበርክ።» ሉሁን ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዮናታን ገና ሳንቀመጥ መያዣውን አንሥቶ ደረጃው ጫፍ አኖረው። «ተሳስቼ ነበር። ሁለት ገጽ ጎድሎብኝ ነው፤ ሰላማዊት አገኘችልኝ» አለና ወደ እኔ ዞረ፦ «ፕሮፌሰር፣ አመሰግናለሁ፤ ባትናገር እንደተሳሳትኩ እቀር ነበር።» ገጾቹን ያስቀረሁት እኔ መሆኔን አልነገረችውም ማለት ነው። እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔ ቡናዬን አማሰልኩ። ከዚያ ወዲያ ቦንቦሊኖ የሚያቆይልኝ አልነበረም።

በሰላማዊት ምክንያት በዮናታን መቅናቴ ካለፈ ቆየ፤ በአባቱ መጻሕፍትም እንደዚሁ። ያ «ተሳስቼ ነበር» ግን፣ ሰው ፊት እንደ ዋዛ ከአፉ መውጣቱ፣ ዛሬም ያስቀናኛል።

ደንበኞቼ ገጽ ሁለት ጊዜ ስቆጥር አይተው ጥንቃቄ ይሉታል። ያ ተማሪ ግን፣ «ጎድሎብዎት ያውቃል እንዴ?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ።»

«ማሽኑ ነው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ዮናታን «ተሳስቼ ነበር» ለማለት የፈጀበት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።