ሁለት ቡድን የሚያሰልፈው ሰው

አሜሪካ፣ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ፣ ሎሬታ በምታስተናግድበት ቁርስ ቤት፣ እሁድ እሁድ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሳይጀመር ሁለት ስልክ ይዞ የሚቀመጥ ሸበቶ ሰው አለ። ጃኬቱ ላይ የሆስፒታል ጠያቂዎች ወረቀት ተለጥፏል። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ግድ የለውም። ሰው ባለፈ ቁጥር ግን ስልኮቹን በመዳፉ ይሸፍናል።

«አንተ ሸበቶ፣ ወይ ሁለት ሚስት አለህ፣ ወይ ፖሊስ ነህ» አለችው ሎሬታ ቡና እየቀዳችለት።

«አንዱ የወንድሜ ነው፣ እመቤቴ። ታሞ ተኝቷል። የፋንታሲ ቡድኑን የማሰልፍለት እኔ ነኝ።»

አጠገቡ ነበርኩና ስልኮቹን አየሁ። ፋንታሲ፣ እውነተኛ ተጫዋቾችን በስልክ መርጦ አሰልፎ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሚያመጡት ነጥብ መወዳደር ነው። ዛሬ የሚጋጠሙት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ የተሸነፈው የሊጉ ጭራ ሆኖ መጨረሱ አይቀርም። ሰውዬው ከራሱ ቡድን፣ ክለባቸው በዚህ ሳምንት የሚያርፍባቸውን ሦስት ተጫዋቾች አውጥቶ በሚጫወቱ ተካ። ከወንድሙ ቡድን የሚያርፉትን አራቱን ግን፣ ኳስ ወርዋሪውን ጭምር፣ እንደተሰለፉ ተዋቸው። ያረፈ ተጫዋች ነጥብ አያመጣም።

የራሱ ስልክ ጠራ።

«ቀየርኩልህ አልኩህ እኮ! አሁን ሾርባህን ጠጣ» ብሎ ዘጋው።

አላስቻለኝም። «የታመመ ወንድምህን ታታልላለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «በእኛ ሊግ ጭራ የወጣ ሰው ጥር ላይ፣ በዚያ በረዶ፣ በቁምጣ መንገድ ዳር ይቆማል» አለ። «ሐኪሞቹ እስከ ገና አይደርስም ብለዋል። እሱ ደግሞ ጭራ ከወጣሁ እቆማለሁ ብሏል፤ ቃሉን አጥፎ አያውቅም።»