ጋሼ ታደሰን ከመሬት ያነሳው የራግቢ ተጫዋች

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ምሳ ቤት ውስጥ፣ የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ታደሰ አየር ላይ ሲንፈራገጡ በዓይኔ አየሁ።

ያነሳቸው ጆ ነው። አሌክሳንድሪያ አብሮኝ የሚሠራ፣ በወጣትነቱ ለፊጂ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ የተጫወተ፣ በር የሚያክል ሰው።

ለእኔ፣ ለአባቴና ለጋሼ ስለ ጨዋታው ሲያስረዳን ነበር። ኳሱን ወደ ኋላ እያቀበሉ ወደ ፊት ይሮጣሉ አለን። (የእኛ ማኅበር ስብሰባ በሉት።)

"ጉልበቴ ባይጎዳ ኖሮ አላቆምም ነበር" ብሎ ሲተክዝ ሒሳብ መጣ።

አባቴና ጋሼ እኩል ዘለው ያዙት።

"በሞቴ!"

"እኔ እያለሁ? በፍጹም!"

ተናነቁ። ወንበር ወደቀ።

ጆ የምር ጠብ መስሎት ጋሼን ከወገባቸው ብድግ አድርጎ በሩ ጋ አደረሳቸው። "ኧረ ልቀቀኝ፣ ሊከፍልብኝ ነው!" ቢሉ በአማርኛ ማን ይስማቸው? አባቴ እየሳቀ ካርዱን ስዋይፕ አደረገ።

ባህላችን መሆኑን ስነግረው ጆ በሃፍረት ሊሞት። "ሪታየር ካደረግኩ ወዲህ እንዲህ የታገለኝ ሰው የለም" አለ።

ጋሼ አባቴን አኩርፈው ሄዱ።

አሁን ኮል አደረጉልኝ። ጆን ሊረግሙት ነው ብዬ ፈራሁ።

"ስማ፣ እሁድ አባትህን ምሳ ልጋብዝ ነው። ያ ልጅ ከሥራ ኦፍ ነው? በእኔ በኩል ይሰለፍልኝ።"

እስቲ እናንተ ጋ ሒሳብ ሲመጣ ማን ወድቆ ማን ተነሳ?