ቢላዋው ጫማዋ ውስጥ ነበር

«ቢላዋው ጫማሽ ውስጥ ነው ብለሽ ሲኒማ ቤቱን ያመስሽው አንቺ አይደለሽም?» አሉኝ አያ ወርቁ፣ ከጎንደር ልወጣ ፒያሳ ላይ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ስጠብቅ ፊት ለፊቴ ቆመው። አያ ወርቁ ዛሬም የሲኒማ ቤቱን ትኬት እየቀደዱ የሚያስገቡ ሰው ናቸው፤ ኮታቸውም ዛሬም ሲጋራና የተቆላ ሽምብራ ይሸታል፤ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት መሆኔ ቀርቶ የሰፈር ወሮበላ ሆንኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ደግሞም ነበረ።»

ነገሩ የጀመረው በሥዕል መጽሐፍ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነበረው፤ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ፈረሰኛ ከገጽ ገጽ ሲጋልብ፣ ሲተኩስ፣ ከጣራ ጣራ ሲዘል የሚያሳይ፣ ሰዎቹ ሲናገሩም ቃላቸው እንደ ጉም ከአፋቸው ወጥቶ ከራሳቸው በላይ የሚንሳፈፍበት። ጣሊያንኛውን ማናችንም አናውቅም፤ እኔ ግን ከልብስ ሰፊው ግድግዳ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ሥዕሉን እያየሁ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ እተረጉም ነበር። አባቴ በባታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምር ነበር፤ የመጽሐፍ መምህር ልጅ መሆን ታዲያ ለምን ይጠቅማል። ጠመንጃ የታጠቀ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ስለመሰለን ፈረሰኛውን አያ ስውር አልነው። ከሁሉ የምንወደው ግን ሽፍቶች አስረው ጎተራ ውስጥ የጣሏት ልጅ ከጫማዋ ቢላዋ መዝዛ ገመዷን ስትቆርጥ፣ ቀጥላም የታሰረውን አያ ስውርን ስትፈታው የሚታይበትን ገጽ ነበር፤ በጣታችን ብዛት ጠቁሮ ነበር።

አንድ የፋሲካ ሰሞን አያ ስውር በሲኒማ መጣ። ፈረሱ ወደ እኛ ሲጋልብ ከፊት አግዳሚ የተቀመጥነው ሁሉ ጎንበስ አልን፤ ያን ያህል ደስታ በአንድ ቤት ተዘግቶ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ ታሰረች፣ ተጣለች። እጇ ወደ ጫማዋ እስኪሄድ ጠበቅኩ። እሷ እቴ፣ ታለቅሳለች። አግዳሚው ላይ ቆሜ ጮህኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከኋላ አንድ ወታደር «ድገሚላት፣ አልሰማችሽም» አለኝ፤ አያ ወርቁ ባትሪያቸውን አብርተው ጆሮዬን ይዘው ሲያወጡኝ አያ ስውር መጥቶ እየፈታት ነበር።

በማግስቱ ታከለ፣ የከባድ መኪና ነጂው ልጅ፣ ሲኒማ አይዋሽም፣ የዋሸችው እሷ ናት ብሎ ልጆቹን አሳምኖ ድንጋዬ ላይ ራሱ ተቀምጦበት አገኘሁት። ድንጋዬ ላይ! ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል? ሮጬ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጩኸቴን ቀድሞ ሰምቶት ኖሯል፣ ጎንደር ምን ይደብቃል፤ አለንጋ ስጠብቅ ግን ፂሙን እያሻሸ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ የጠየቀኝም የፈረሱን ቀለም ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እኛ የትርጓሜ መምህራንም ላይ ቤት፣ ታች ቤት እየተባባልን አንዱን ቃል ሁለት ስንፈታ ነው የኖርነው» አለኝ። «ሁለቱን ያልያዘ መምህር አይባልም። ሂጂና ሁለቱንም ንገሪያቸው።»

ተመልሼ ታከለ ፊት ቆምኩና በአባቴ ተማሪዎች ድምፅ፣ ታች ቤት ሲኒማው አልቅሳ ተፈታች ይላል፤ አንድም ላይ ቤት መጽሐፉ በቢላዋዋ ራሷን ፈታች ይላል፤ ሁለቱንም ተጫውተን እንያቸው አልኩ። ሲኒማው ቶሎ አለቀ፤ እኔ አለቀስኩ፣ አንዱ መጥቶ ፈታኝ፣ በቃ። መጽሐፉ ግን ጫማ ይፈልጋል፣ ከመካከላችን ደግሞ ጫማ ያለው ታከለ ብቻ። ስለዚህ ልጅቷ ታከለ ሆነ። ነጠላዬን አከናነብነው፣ በልብስ ሰፊው ገመድ ጠፍረን አሰርነው፤ ከጫማው የእንጨት ቢላዋ መዝዞ ገመዱን ሲገዘግዝ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ አጨበጨበለት። ከዚያ ወዲያ ታከለ ልጅቷን ካልሆንኩ አልጫወትም አለ፤ ድንጋዬም ተመለሰችልኝ።

ዛሬ ሰፊው አስመራ ነው አሉ፤ መጽሐፉን ይዞት ሄዶ ይሁን አይጥ በልቶት የሚያውቅ የለም። ግድግዳው ፈርሷል። ታከለ እንደ አባቱ መሪ ጨብጦ የመተማን አቧራ ይቅማል። በአባቴ ወንበር ሌላ መምህር ተቀምጦበታል፤ ሸጋ ሰው ነው፣ ስለ ፈረስ ቀለም ግን አይጠይቅም።

አያ ወርቁ ዛሬ ማታ ሌላ አያ ስውር እንደሚታይ ነገሩኝ፤ በነፃ አስገባሻለሁ፣ ብትጮኺም አላስወጣሽም አሉ። «ምነው ነገ ብትሄጂ?»

«በዚህኛውስ ቢላዋ አላት?»

«የላትም። ታለቅሳለች።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ረዳቱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ጣራው ላይ አሰረው። ተሳፈርኩ፤ አውቶቡሱም ወደ አዘዞ ቁልቁል ወረደ።